የትንፋሽ ዘበኛ

አባቴን በጀርባው አስተኝቼ ልገድለው ነበር። ነገሩን ማለሳለስ አልፈልግም። አልጋውን አማን ከተማ ካለ አናጺ አሠርቼ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ከአራት ትራሶቹ ሦስቱን አንሥቼ አንድ የተውኩለት እኔ ነኝ፤ «አንቺም እስኪ እንደ ሰው ተኚ» ብዬ እናቴን ከጎኑ አስነሥቼ ወደ ሌላው ክፍል ያዛወርኳትም እኔው ነኝ። በአምስተኛው ቀን ሊነጋጋ ሲል፣ አባቴ ከንፈሩ ጠቁሮ፣ አፉ አረፋ ይዞ፣ ለትንሽ አየር ሲታገል ደረስንበት። በባጃጅ ሆስፒታል ወሰድነው። እናቴ መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ትል ነበር፦ «አጠገቡ ባልኖር ነው።»

አባቴ ገሠሠ ቴፒ አጠገብ ባለ የግል ቡና ማጠቢያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዘበኛ ነበር። ታጥቦ ማድረቂያው የሽቦ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና ለሌባ የተመቸ ነው፤ ጆንያ ይዞ የመጣ ሰው አንዱን ሽቦ ጠርጎ ለመሄድ ሩብ ሰዓት አይፈጅበትም። ስለዚህ የዘበኛው መንቃት መታወቅ አለበት። ከመጋዘኑ አጠገብ ካለው ዋንዛ ላይ አንድ አሮጌ የአይሱዙ ቸርኬ ተንጠልጥሏል። ዘበኛው በየሰዓቱ በፌሮ ብረት ይመታዋል፤ ድምፁ የባለቤቱ የአቶ ብርሃነመስቀል መኝታ ቤት ድረስ ይሰማል። ቸርኬው ከተመታ ዘበኛው ነቅቷል። ካልተመታ ጠዋት ጥያቄ አለ። አባቴ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድም ጠዋት ተጠይቆ አያውቅም።

ሲተኛ ተቀምጦ ነበር የሚተኛው። ከተበላሸ ሚኒባስ የተነቀለ ወንበር ነበረው። የቡናው ወቅት አልፎ ቤት ሲያድርም ትራስ ቆልሎ፣ ግድግዳ ተደግፎ ነው። የዘበኛ ልማድ ነው አልን። ቀን ወሬ መሐል ሲያንቀላፋ፣ ሌሊት የሚነቃ ሰው ነው አልን። እግሩ ሲያብጥ ቦቲ ጫማውን ወቀስን። ከገበያ ወደ ቤት የምታስወጣውን ትንሽ ዳገት ሦስት ጊዜ ቆሞ ሲወጣት ደግሞ ዕድሜ ነው አልን፤ ያኔ ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነበር። ለእያንዳንዱ ምልክት ከሥራው ውስጥ መልስ አናጣም ነበር። እኔ አምስት ዓመት ምህንድስና ስማር በየዕረፍቱ እየመጣሁ ይህንኑ አየሁ፣ ይህንኑ አመንኩ።

ሚዛን ከተማ በውኃ ሥራ ተቀጥሬ ሁለት ክፍል ቤት ስከራይ፣ ባለፈው መስከረም ሁለቱንም አመጣኋቸው። የሚኒባሱን ወንበር ቴፒ አስቀረሁት። ሥራውን ለለቀቀ ሰው ተቀምጦ መተኛት ምን ያደርግለታል ብዬ ነው።

አባቴን ያከመው ዶክተር እንድርያስ በዕድሜ ከእኔ ብዙ አይበልጥም። ሁለት ቀን ያልተኛ ሰው ፊት ነበረው። በሦስተኛው ቀን፣ አባቴ ኦክስጅኑ ተነሥቶለት ሾርባ መጠጣት ሲጀምር፣ እናቴንና እኔን ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር አስቀመጠን።

«የልብ ድካም ነው» አለ። «የአባትሽ ልብ ሰፍቷል፤ ደም የሚገፋበት ጉልበት ከግማሽ በታች ወርዷል። ልቡ መግፋት ሲያቅተው ውኃ ሳንባቸው ውስጥ ይጠራቀማል። ቁጭ ሲሉ ይቀልላቸዋል፤ በጀርባቸው ሲተኙ ያፍናቸዋል። ተቀምጠው ይተኙ የነበረው ለዚህ ነው።»

«የዘበኛ ልማድ መስሎን ነበር» አልኩ።

«ለእሳቸውም ሳይመስላቸው አልቀረም።» ወደ እናቴ ዞረ። «እናቴ፣ ጨው ያበዛሉ?»

«እኔ ነኝ እሱ?»

«እሳቸው።»

«ወጡ ላይ ቆንጠር አድርጌ ነው። ይቺም ትቆጣኛለች።» ይቺ የተባልኩት እኔ ነኝ።

«ቡናስ?»

«ቡናማ ይጠጣል። ዘበኛ አይደል እንዴ።»

«በምን ይጠጣሉ?»

እናቴ ጥያቄው ግራ ገባት። «በጨው ነዋ። ሌላ በምን ይጠጣል?»

«በቀን ስንት ሲኒ?»

«ስድስት። ሰባትም ይሆናል። ሥራ ላይ ሲሆን በፔርሙዝ ነበር የምሰጠው።»

ዶክተሩ እኔን አየኝ፤ እኔ ወለሉን አየሁ። ጨው ቀንሱ ብዬ ቤት ውስጥ ስጮህ የከረምኩት እኔ ነኝ። ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ቡና በጨው ስጠጣ ያደግሁ ሰው ስለሆንኩ፣ ሲኒው ውስጥ ያለውን ጨው ጨው ብዬ ቆጥሬው አላውቅም።

«ሌላም ነገር አለ» አለ ዶክተሩ። «ትናንት ከሰዓት ተኝተው አየኋቸው። ትንፋሻቸው እየበረታ እየበረታ ይሄድና መልሶ እየደከመ ጸጥ ይላል። ሃያ ሴኮንድ፣ ሠላሳ ሴኮንድ። ከዚያ እንደገና ይጀምራል። ልብ ሲደክም የሚመጣ ነገር ነው። ደሙ ከሳንባ ተነሥቶ አንጎል ጋ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው፤ ስለዚህ አንጎል ትንፋሹን የሚያዘው ጊዜው ባለፈ ወሬ ነው። ተንፍስ ሲል ያበዛል፣ በቃ ሲልም ያበዛል።»

ይኼ ገባኝ። እኛም ሥራ ላይ፣ የውኃ ጋኑ ላይ የቆመው ሠራተኛ ሞላ ብሎ ሲደውል፣ ፓምፑ ጋ ያለው ሰው ስልኩን ከሃያ ደቂቃ በኋላ ቢያነሣው ውኃው ይፈስሳል። ጎደለ ሲባልም እንዲሁ ዘግይቶ ቢያስነሣው ቧንቧው ይደርቃል። ፓምፑም ጋኑም ደህና ሊሆኑ ይችላሉ፤ የሚያበላሸው በመሐል ያለው መዘግየት ነው።

«እሱን አውቀዋለሁ» አለች እናቴ።

«ምኑን እናቴ?»

«መቆሙን።»

ሁለታችንም ዞረን አየናት። እናቴ፣ የዓለምዘርፍ፣ ወሬ የማይጎድላት ሴት ናት፤ የጎረቤት ዶሮ ስንት እንቁላል እንደጣለች ሳትነግረኝ አታድርም። ይህን ግን ነግራኝ አታውቅም።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለ ዶክተሩ።

«አራት ዓመት ሆነው። ሲቆም ጎኑን በክርኔ እገፋዋለሁ። ይተነፍሳል።»

«በሌሊት ስንት ጊዜ?»

«ማን ቆጠረው።»

«እሺ፣ የቡናው ጊዜ ሲሆንስ?» አልኳት። «እሱ እኮ ሥራ ላይ ነው የሚያድረው።»

«እኔም እዚያው ነኛ። እራት አድርሼ አልመለስም። የጥበቃው ጎጆ ውስጥ ሆኜ አየዋለሁ።»

«ከተኛ ታዲያ ቸርኬውን ማን ነበር የሚመታው?»

እናቴ የነጠላዋን ጫፍ አስተካከለች። «እኔ እጅ የለኝም እንዴ?»

አቶ ብርሃነመስቀል ቢያውቁ እንደሚያሰናብቱት፣ ቢሰናበት ደግሞ እኔ ትምህርቴን እንደማልጨርስ አስልታ ነው ዝም ያለችው። ይህን አልተናገረችም፤ መናገርም አላስፈለጋትም። አራት የቡና ወቅት ሙሉ በየሰዓቱ ቸርኬ ስትመታ፣ በመሐሉ ጎን ስትገፋ አድራለች። ቸርኬው ባይመታ ኖሮ ግን አባቴ መታመሙ ከአራት ዓመት በፊት ይታወቅ ነበር። እሷም ይህን ያሰበችው ያኔ አግዳሚው ወንበር ላይ ይመስለኛል፤ እጇ ነጠላዋ ላይ ደርቆ ቀረ።

«የእንቅልፍ ምርመራ መሣሪያ እዚህ የለንም» አለ ዶክተሩ። «መጀመሪያ ልባቸውን እናክማለን። ኪኒኑን ሳያቋርጡ ከወሰዱ፣ ጨውም ከቀረ፣ ትንፋሻቸው እየተሻሻለ ይመጣል። ጨርሶ ላይጠፋ ይችላል። ከሁለት ወር በኋላ ለተጨማሪ ምርመራ ጅማ እልካቸዋለሁ።»

«እስከዚያ ታዲያ ማን ይገፋዋል?»

«ማንም። እናቴ፣ ባይገፏቸውም እኮ ይተነፍሳሉ።»

እናቴ ፊቱን ለአፍታ መረመረችው። «አንተ ስንት ሌሊት አየኸው?»

«አንድ ከሰዓት ነው።»

«እኔ አራት ዓመት» አለችና ተነሥታ ወደ ክፍሉ ገባች።

በዘጠነኛው ቀን ወደ ቤት መለስነው። እናቴ የታዘዘችውን ሁሉ እሺ አለች። ጨው በዚያው ዕለት ከቡናው ወጣ፤ አባቴ «ይኼ እንደኔ የታመመ ቡና ነው» እያለ ጠጣው። ውኃውን በሽንት የሚያስወጣውን ኪኒን ሰዓቱን ጠብቃ በእጇ ነው የምታስውጠው። ትራሶቹን አራት ብላ መልሳ ደረደረች፤ አምስተኛ ከጎረቤት ተዋሰች። ጎኑን መተው ብቻ እሺ አላለችም። ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ ታድራለች። ቀን ሲያንቀላፋም ከኩሽና ሮጣ ትመጣለች።

አባቴ ተሻለው። የእግሩ እብጠት ጎደለ፤ ባጃጅ ሳይዝ አደባባዩ ድረስ ሄዶ ተመለሰ። እናቴ ግን ከሳች። ስታወራ ቃል ይጠፋባታል። ሰፈር ውስጥ ያለች ነርስ ደም ግፊቷን ለክታ ደነገጠች። አንድ ጠዋት ሽሮ እያማሰለች ቆማ እንቅልፍ ወሰዳት። የነቃችው እጅጌዋ በእሳት ተያይዞ ክንዷን ሲለበልባት ነው።

ቅባት እየቀባኋት፣ «በዚህ ከቀጠልሽ ቀድመሽ የምትሞቺው አንቺ ነሽ» አልኳት።

«ልሙታ። አጠገቡ ሆኜ ነው።»

«እማዬ፣ ያን ቀን የታመመው እኔ በጀርባው ስላስተኛሁት ነው። በጨውም ነው። አንቺ ስላልነበርሽ አይደለም።»

«በጀርባው ያስተኛሽውስ አንቺ ነሽ። እኔ ብኖር ቀና አደርገው ነበር።»

የቅባቱን ክዳን ገጠምኩ። እውነቷን ነው።

በዚያው ሳምንት እሑድ አቶ ብርሃነመስቀል ከቴፒ ሊጠይቁ መጡ። ሙዝና ሁለት አናናስ ይዘው ነበር። አባቴ ትራሱን ተደግፎ፣ ጋቢውን አስተካክሎ ተቀበላቸው።

«ጋሽ ገሠሠ፣ አንተ ከሄድክ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም» አሉ። «አዲሱ ዘበኛ ሰባት ሰዓት ይመታና ቀጥሎ የሚመታው አሥራ አንድ ላይ ነው። እኔ በመሐል ተነሥቼ ጥበቃውን እጠብቃለሁ።»

«ምነው፣ ከብረት የተሠራ ነው ብለው አልነበር የቀጠሩት?»

«ዘመዱ ነዋ እንደዚያ ያለኝ። እንዳንተ ያለ ሰው አላገኝም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ሰዓት አምልጦህ አያውቅም።»

እናቴ ሙዙን ትሪ ላይ መደርደሯን ተወች። አባቴ ግን ሳቀ። ሲስቅ ያስለዋል፤ ሳሉን ጨርሶ በአገጩ ወደሷ አመለከተ።

«የመጨረሻውን አራት ዓመት እሷን ያመስግኑ። እኔማ ወንበሩ ላይ እየተኛሁ ነበር።»

አቶ ብርሃነመስቀል አንድ ጊዜ እሱን፣ አንድ ጊዜ እሷን አዩ። «የዓለምዘርፍ፣ እውነቱን ነው?»

«እንቅልፍ እንዳያጡ ብዬ ነው» አለች እናቴ አቀርቅራ።

ሰውዬው ትሪውን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ። ይቆጣሉ ብዬ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። «እኔ ደግሞ ከአራት ዓመት ወዲህ የቸርኬው አመታት ለስለስ አለ እያልኩ ይገርመኝ ነበር» አሉና ሙዝ አነሡ።

እንግዳው ሲሄድ አባቴ እናቴን ጠራት። «ቸርኬውንስ አውቅ ነበር» አላት። «ጎኔን እንደምትደቁሺው ግን ትናንት ከልጅቷ ነው የሰማሁት። እኔ እኮ ጠዋት ጠዋት የሚያመኝ የወንበሩ ብረት መስሎኝ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ብረቱን በጨርቅ ስጠቀልል!»

«ባልደቁስህ ዛሬ ትስቅ ነበር?»

«እንጃ። ግን ደክሞሻል።»

«አልደከመኝም።»

«የዓለም፣ እጅሽ ተቃጥሏል።»

ትሪውን ይዛ ወጣች።

ንግግር እንደማይጠቅም ገባኝ። ዶክተሩ ተናግሯል፣ አባቴ ተናግሯል፣ እኔ ደጋግሜ ጮኼያለሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ አባቴ ትራሶቹ ላይ ቀና ብሎ እንቅልፍ ሲወስደው፣ ስልኬን ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ውጪ ፀሐይ ነበር፤ በመስኮቱ ፊቱ በደንብ ይታያል።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ልቆጥር። አንቺ ዛሬ አትነኪውም።»

«ማን ነው ያዘዘው?»

«እኔ። ደግሞ ካስፈለገ ሁለታችንም እዚህ ነን። ሆስፒታሉ ዐሥር ደቂቃ ነው።»

ትንፋሹ ይበረታ ጀመር። ደረቱ ከፍ፣ ከዚያም የበለጠ ከፍ አለ፤ ከዚያ እየወረደ፣ እያጠረ ሄደና ቆመ። የስልኬን ሴኮንድ መቁጠሪያ አስጀመርኩ። ዐሥራ ሁለት ሴኮንድ ላይ ክርኗ ተወርውሮ ጎኑ ላይ አረፈ። አባቴ ብንን አለና አጉረምርሞ ተመልሶ ተኛ።

«እማዬ።»

«ሳላውቀው ነው። እጄ ራሱ ነው የሄደው።»

«እጅሽን ስጪኝ።»

ሁለቱንም እጆቿን ያዝኳቸው። ጣቶቿ ቀዝቃዛ ነበሩ፤ የተቃጠለውን እንዳልጫነው ተጠነቀቅሁ። ትንፋሹ በረታ፣ ደከመ፣ ቆመ። ዐሥራ ሁለት አለፈ። ዐሥራ ስምንት ላይ እጆቿ መጎተት ጀመሩ። ሃያ አራት ላይ «ልቀቂኝ» አለች፤ አለቀቅኋትም። ሃያ ስምንት ላይ የአባቴ ደረት በራሱ ተንቀሳቀሰ። አንድ ትንሽ ትንፋሽ፣ ቀጥሎ ሌላ፣ ቀጥሎ ረጅም።

እናቴ የተደሰተች አልመሰለችም። እጇን ከእጄ አወጣችና ጭኗ ላይ አደረገችው።

«ሳልነካው ተነፈሰ» አለች።

«አዎ።»

«ታዲያ እኔ አራት ዓመት ምን ስሠራ ነበር?»

በአፌ የመጣው መልስ ልክ ነበር፤ እሱንም ከእንቅልፉ ስትቀሰቅሺ፣ ራስሽም ሳትተኚ የሚል። ሰው ማባበል አልችልበትም። ግን ያንን ብቻ ብናገር ግማሹን እውነት መተው ይሆናል።

«ስታዪው ነበር» አልኳት። «ዶክተሩ አንድ ከሰዓት ያየውን አንቺ አራት ዓመት ስላየሽ ነው ከመቼ ጀምሮ እንደታመመ ያወቀው። ካርዱ ላይ የጻፈው ያንቺን ቃል ነው። እኔ በየዕረፍቱ መጥቼ ምንም አላየሁም።»

«ቀድሜ ብናገር ኖሮ…»

«ቀድመሽ ብትናገሪ ይሻል ነበር። እኔም ቀድሜ ብጠይቅ ይሻል ነበር።»

ራሷን ነቀነቀች። አለመዋሸቴ ሳይሻላት አልቀረም። ሌላ ዙር መጣ፤ እጆቿን ከጭኗ ሥር ከትታ ራሷ በከንፈሯ ቆጠረች። ሃያ ሁለት። ቀጣዩ ሃያ አምስት። ከዚያ አንዱ ረዘመ። ሃያ ስምንት አለፈ፣ ሠላሳ አለፈ። የአባቴ አፍ ትንሽ ተከፍቶ ነበር፤ ጉሮሮው ሥር ያለው ጉድጓድ አይንቀሳቀስም። ሠላሳ አራት። ስለ ጋኑና ስለ ፓምፑ የማውቀው ሁሉ ጠፋብኝ። ሠላሳ ሰባት ላይ እጄ ወደ ጎኑ ሄደ።

እናቴ የእጄን አንጓ ያዘችኝ።

«ተይው» አለች። «ይመለሳል።»

አርባ አንድ ላይ ተመለሰ። መጀመሪያ ቀስ አለ፤ ከዚያ ጋቢው ከነትንፋሹ ከፍ ዝቅ ማለት ጀመረ። እናቴ የእጄን አንጓ ለቀቀችው። የወደቀውን የጋቢ ጫፍ ትከሻው ላይ መለሰች፤ አምስተኛው ትራስ እንዳልተንሸራተተ በመዳፏ ጫን ጫን አድርጋ አየች። ከዚያ ጉልበቷን ይዛ ተነሣች።

«ኪኒኑ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ካልተነሣሁ አንቺ ስጪው።»

«እሺ።»

«አትቀስቅሺኝ።»

ጫማዋን በር ላይ አጠለቀች፣ ወደ ሌላው ክፍል ልትተኛ ወጣች፣ በሩንም ከኋላዋ ገጥማ ዘጋችው።